የሳይንስ ተግባቦት ምሩቃን ወዴት ይሄዳሉ?






አንድ ልጅ «ሕክምና አጠናለሁ» ሲል ቤተሰቡ ሆስፒታሉ ይታየዋል። «ሲቪል ምህንድስና» ሲል የሚገነባው ድልድይ ይታየዋል። «የሳይንስ ተግባቦት» ሲል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ተመርቀህ የት ልትቀጠር ነው?» የሚል ነው። ወላጅ ለልጁ እንጀራ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ስለዚህ ሙያው ሥር በሰደደባቸው አገሮች ምሩቃኑ የት የት እንደገቡና ምን እንደገጠማቸው አሳይቼ፣ ከዚያ ወደ ቤታችን እመለሳለሁ። የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፦ አገራችን ውስጥ ሥራው ሞልቷል፤ የጎደለው የሥራ መደቡ ነው። መደቡን ለመክፈት ደግሞ ይህ ባለሙያ ምን እንደሚያውቅ አስቀድመን በቅጡ መረዳት አለብን። የውጭ አገር ታሪኮችን ስጠቅስ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እናገራለሁ።

ከአውስትራሊያ ልጀምር። ማይክ ጎር በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ፍራንክ ኦፐንሃይመር በሳን ፍራንሲስኮ የመሠረቱትን ኤክስፕሎራቶሪየም ካዩ በኋላ ሐሳቡ ከልባቸው አልወጣ አለ። ጎብኚው መሣሪያውን ነክቶ፣ ገፍቶ፣ አሽከርክሮ የሚማርበት ቦታ ነበር። ጎር በ1980 በካንቤራ ከተማ፣ በኤይንዝሊ ትምህርት ቤት ውስጥ 15 መሣሪያዎች ደርድረው «ኩዌስታኮን» የሚል ስም ሰጥተው ለሕዝብ ከፈቱ። በ1988 ይኸው ሥራ ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል ሆኖ የራሱ ሕንፃ ተመረቀለት። ለርዕሳችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በመካከሉ፣ በ1985 የተጀመረው «የሳይንስ ሰርከስ» ነው። መሣሪያዎቹ በትልቅ የጭነት መኪና ተጭነው ከዋናው ከተማ ርቀው ወደሚገኙ የገጠር ከተሞችና የቀደምት ሕዝቦች መንደሮች ይጓዛሉ። ዩኒቨርሲቲውም ጉዞውን ከድኅረ ምረቃ ትምህርት ጋር አጣመረው። በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች ተመርጠው ይገቡ ነበር፤ አንድ እግራቸው ክፍል ውስጥ፣ ሌላው መንገድ ላይ ሆኖ ይማሩ ነበር።

የመንገዱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። መኪናው አዳራሽ ደጃፍ ሲቆም ዕቃውን የሚያወርዱት፣ መሣሪያውን የሚገጥሙት፣ የተሰበረውን የሚጠግኑት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ገብተው በትንንሽ ሕፃናት ፊት ስለ አየር ግፊት ያሳያሉ። ያንኑ የአየር ግፊት ለጎረምሶች ክፍል፣ ከዚያም ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወላጆች ያስረዳሉ። ሳይንሱ ያው ነው፤ አገባቡ ግን በየአድማጩ ይለያያል። ሕፃን ሲሰለቸው ፊቱን ያዞራል፤ ለይሉኝታ ብሎ አያጨበጭብም። ተናጋሪው የተሳሳተበትን ቦታ እዚያው ያየዋል፤ በሚቀጥለው ትምህርት ቤት ደግሞ አሻሽሎ ይሞክረዋል። ይህን ያህል ፈጣንና የማያዳላ ፈታኝ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይገኝም።

ከዚህ መንገድ የወጡ ምሩቃን ወደ ሳይንስ ማዕከላትና ሙዚየሞች፣ ወደ ራዲዮና ቴሌቪዥን፣ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎችና ወደ ጤና ድርጅቶች ሄደዋል። ልምዱ ድንበርም ተሻግሯል፤ በ2013 «የሳይንስ ሰርከስ አፍሪካ» በሚል ሥራ በደቡባዊ የአህጉራችን ክፍል ያሉ የሳይንስ ማዕከላት ሠራተኞች አብረው እየሠሩ ሠልጥነውበታል። ውድ ዕቃ ማጓጓዝ ስለማያዋጣ በየአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ ማሳያ መሥራት የሥልጠናው አካል ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ለእኛም ይሆናል።

አሁን ወደ ለንደን። በ1985 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ በዋልተር ቦድመር የሚመራ ቡድን ያዘጋጀውን ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ ሳይንቲስቶች ሥራቸውን ለሕዝብ ማስረዳት የሙያ ግዴታቸው ነው አለ። ኢምፔሪያል ኮሌጅ በ1991 የሳይንስ ተግባቦት የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። በ2002 ደግሞ የሳይንስ ሚዲያ ማዕከል የሚባል ተቋም ተከፈተ። ሥራው አስቸኳይ ዜና ሲነሳ ጋዜጠኛውን ከትክክለኛው ተመራማሪ ጋር በሰዓታት ውስጥ ማገናኘት ነው። የለንደን ምሩቃን ከስርጭት ጣቢያዎች እስከ ሳይንስ መጽሔቶች፣ ከሙዚየም እስከ ካንሰር ምርምር ድርጅቶች ተሰማርተዋል። ብዙዎቹን የሚቀበለው አንዱ ቦታ ግን ከውጭ እምብዛም አይታይም፤ እሱም የዩኒቨርሲቲዎች የኮሙኒኬሽን ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም የምሩቁ ሕሊና በየቀኑ የሚፈተነው እዚህ ወንበር ላይ ነው። በ2014 የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ፔትሮክ ሰምነርና ባልደረቦቻቸው በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። በ20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ፣ ጤናን የሚመለከቱ 462 ጋዜጣዊ መግለጫዎችን ከዋናው ጥናትና ከጋዜጣው ዜና ጋር አስተያዩ። ከመቶ 40 የሚሆኑት መግለጫዎች ጥናቱ ካለው በላይ ምክር ይሰጣሉ። ከመቶ 33 የሚሆኑት አብረው የታዩ ሁለት ነገሮችን አንዱ የሌላው ምክንያት እንደሆነ አድርገው ያቀርባሉ። ከመቶ 36 የሚሆኑት በእንስሳት ላይ የተገኘን ውጤት ለሰው ያደርጉታል። መግለጫው በእንስሳት የተገኘውን ለሰው ካደረገ፣ ከዜናዎቹ ከመቶ 86 የሚሆኑት ያንኑ ደገሙት፤ መግለጫው ከተጠነቀቀ ግን እንዲህ የሳቱት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። ማጋነኑም ዜናው በብዛት እንዲወጣ እንዳደረገ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? እስከ ዛሬ ዜናው ሲዛባ ጋዜጠኛውን ስንወቅስ ኖረናል። ስህተቱ ግን ብዙ ጊዜ ከተቋሙ ደጅ ሳይወጣ ተጀምሯል። ከአለቃው በኩል «ርዕሱን ሞቅ አድርገው»፣ ከተመራማሪው በኩል «ሁሉንም ዘርዝረህ ጻፈው» የሚባለው ያ ምሩቅ፣ «ይህ የታየው በአይጥ ላይ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከመግለጫው አናት ላይ ማኖርና አለማኖር በእጁ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለማኖር ጥናቱን አንብቦ የሚረዳ ጭንቅላትና አለቃን በአክብሮት «አይሆንም» የሚል ወኔ ያስፈልጋል። ሁለቱም የሚገኙት በሥልጠናና በሙያ ጥበቃ ነው።

ታዲያ እነዚህ ምሩቃን የትም ቢገቡ የሚጋሩት ዕውቀት ምንድን ነው? ቋንቋን ማቅለል ነው የሚል ብዙ ሰው አለ። ማቅለልስ ጥሩ ጸሐፊ ሁሉ ይችላል። የሙያው እምብርት አድማጩ አስቀድሞ የሚያውቀውን ማወቅ ነው። በየሳይንስ ተግባቦት ክፍሉ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ፤ እኔም ከማስታውሳቸው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

በ1986 የቸርኖቤል አደጋ ሲደርስ በነፋስ የተጓዘው ራዲዮአክቲቭ ቅንጣት ከዝናብ ጋር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በከምብሪያ ተራሮች ላይ ወረደ። የአካባቢው ሰው ኑሮው በግ ማርባት ነው። መንግሥት የበግ ሽያጭና እርድ አገደ፤ ባለሙያዎቹም እገዳው ሦስት ሳምንት ያህል ነው አሉ። ሦስት ሳምንቱ አለፈ፤ እገዳው አልተነሳም። የመጨረሻዎቹ እርሻዎች ከእገዳ ነፃ የወጡት በ2012 ነው፤ ከ26 ዓመት በኋላ። ምን ሆነ? ሳይንቲስቶቹ ሲዚየም የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በአፈር ተይዞ ወደ ሣሩ እንደማይመለስ የገመቱት የሸክላነት ጠባይ ባለው አፈር ላይ በተገኘ ዕውቀት ነበር። የተራራው አፈር ግን አሲዳማና ረግረጋማ ነው፤ ሲዚየሙ እየተመላለሰ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ በጉ ይገባል።

የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዊን ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጠው ሲያዳምጡ ያገኙት ሌላም ነበር። በጎቹን ወደ ሸለቆው አውርዱ ሲባሉ፣ ገበሬዎቹ የሸለቆው ሣር ለክረምት የሚቀመጥ እንደሆነና ከተጋጠ መንጋው እንደሚራብ ያውቁ ነበር። ገለባ አብሏቸው ሲባሉ የተራራ በግ ገለባ እንደማይበላ ያውቁ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። በዚያ ላይ አጠገባቸው በ1957 እሳት የተነሳበት የዊንድስኬል የኑክሌር ጣቢያ ነበር፤ ያኔ የተነገራቸውንና ያልተነገራቸውን አልረሱም። እምነት የጠፋው ገበሬው ሳይንስ ስላልገባው አልነበረም። ሳይንሱ ገበሬውን ስላልጠየቀው ነበር።

የእኛው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በሌላኛው በኩል ቆመው ይታዩኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ የቢልሃርዚያን መተላለፊያ መስበሪያ መንገድ አገኙ። ያ ግኝት የተወለደው ከላቦራቶሪ ወጥቶ የሕዝብን ልማድ በአክብሮት ከማየት ነው።

አድማጭን ቀድሞ የማወቁ መርሕ በአዲሱ መገናኛ ብዙኃንም ሠርቷል። ዴሬክ ሙለር በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የዶክትሬት ሥራው የፊዚክስ ቪዲዮዎችን መረመረ። ጥርት ያለ ማብራሪያ ያዩ ተማሪዎች «ግልጽ ነው» ቢሉም ፈተናው ላይ እምብዛም አልተሻሻሉም። በብዙዎች ዘንድ ያለው የተሳሳተ ግምት መጀመሪያ ቀርቦ ውይይት ሲደረግበት ያዩት ግን «ግራ አጋባን» እያሉም የበለጠ ተማሩ። ሙለር በ2011 ቬሪታሲየም የተባለውን የዩቲዩብ ቻናል ከፍቶ ጥናቱን የሕይወት ሥራ አደረገው። የማይክሮፎኑ ባለቤት ከመናገሩ በፊት የአድማጩን ግምት ማወቅ አለበት ማለት ነው።

የሳይንስ ተግባቦት ባለሙያ በሌለበትስ ምን ይሆናል? በ2009 በጣሊያን ላኪላ ከተማ ለወራት መሬት ስትንቀጠቀጥ የአደጋ ኮሚሽን ተሰበሰበ። የሲቪል መከላከያው ምክትል ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው አደጋ እንደሌለ፣ እንዲያውም ንዝረቱ ኃይል እያስተነፈሰ እንደሆነ ተናገሩ። ከቀናት በኋላ፣ ኤፕሪል 6፣ ከ300 በላይ ሰው የሞተበት ርዕደ መሬት ደረሰ። ስድስት ሳይንቲስቶችና ኃላፊው በ2012 ተፈረደባቸው፤ ሳይንቲስቶቹ በ2014 በይግባኝ ነፃ ወጡ፤ የኃላፊው ቅጣት ግን ተቀንሶ ጸና። ርዕደ መሬትን ማንም ቀድሞ ሊተነብይ አይችልም። የተጎዳው ሕዝብ የጠየቀው ትንበያ አልነበረም፤ በማያስተማምን ነገር ላይ የሐሰት መተማመኛ ለምን ተሰጠን የሚል ነበር።

ክቡራን፣ ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ምን እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በሌሊት ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ልጅ ታቅፎ የወረደ አለ። ስልኩ ላይ የሚመጣው ወሬ እውነት ይሁን ሐሰት የሚጠይቀው ሰው ያጣ ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ምሁራን በየጣቢያው እየቀረቡ በትዕግሥት ሲያስረዱ ሰንብተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም መሣሪያውን የሚያነብ፣ መረጃውን የሚተነትን፣ ተማሪውን የሚያስተምርና በየቀኑ ስልክ የሚመልስ ያው አንድ ሰው ሊሆን አይገባም። ከጎኑ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ የዕለቱን መረጃ የሚያዘጋጅ፣ ወሬውን ተከታትሎ የሚያጠራ፣ ለአፋር አርብቶ አደርና ለአዲስ አበባ የፎቅ ነዋሪ የተለያየ ምክር የሚያዘጋጅ ሠልጣኝ መኖር ነበረበት። ይህ ነው የሥራ መደብ የምለው።

ሥራው ሞልቷል ያልኩትን ላሳይ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አገራችን ያላት ትልቁ የሳይንስ ተግባቦት ሠራዊት ናቸው። አንዷ ከእናት ጋር ተቀምጣ የልጁን ክንድ ስትለካ እንያት። የጤና ባለሙያዎች «ሙአክ» የሚሉት ያ ቀጭን ጥብጣብ የግራ ክንዱ መሃል ላይ ይጠመጠማል። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ አረንጓዴ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ቁጥር ያልተማረች እናት ቀዩን ስታይ ልጇ ዛሬውኑ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ትረዳለች፤ ጥብጣቡን ሰጥተዋት ራሷም መለካት ትችላለች። ከጥብጣቡ ጀርባ ብዙ ዓመት የፈጀ የሥነ ምግብ ጥናት አለ። ያን ሁሉ ጥናት እናት እጅ ላይ በሦስት ቀለም ያስቀመጠ ሰው የሳይንስ ተግባቦትን ጫፍ ነክቷል።

ሌሎችም አሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የነፃ ስልክ መስመር ገበሬው በሚገባው ቋንቋ የግብርና ምክር እንዲያዳምጥ አድርጓል። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የልጆች ዝግጅት ንጽሕናንና ጤናን በአማርኛ በአሻንጉሊት ቀጭኔ አፍ ለሕፃናት አድርሳለች፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የሮሌክስን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታበታለች። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። ገበሬው፣ እናቱ፣ ሕፃኑ፣ ጎብኚው ሁሉም አሉ። መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ባለሙያ ግን በመዋቅራችን ላይ ስም የለውም። ከሳይንስም ከተግባቦትም የተማረ ወጣት የምርምር ተቋም ቢቀጠር የሚመደበው ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፤ ቀኑም የስብሰባ ዜና በመጻፍ፣ ባነር በማሳተምና ፎቶ በማንሳት ያልቃል። ከክፍሉ ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለው ተመራማሪ ስንዴን ከዋግ በሽታ የሚያድን ዝርያ ሲያወጣ እሱ አይሰማም።

ሙያው ውጣ ውረድ እንዳለውም አልደብቃችሁም። በውጭ አገርም ብዙው ቅጥር በኮንትራት ነው፤ በግል የሚሠራ ጸሐፊ ክፍያውን ለወራት ይጠብቃል። ሳይንቲስቱ «አቃለልከው» ብሎ ይጠራጠራል፤ አዘጋጁ «ደረቅ ነው» ብሎ ይመልሳል። ደረጃ ዕድገቱም ግልጽ አይደለም፤ ባለሙያው ወደ አስተዳደር ካልገባ ደመወዙ አይጨምርም። ይህን እያወቁ የጸኑት የሚጋሩት ጠባይ አለ፤ ለተማሪዎቻችን ልናገረው። የመጣችሁበትን ሳይንስ አትልቀቁት፤ ጥናት አንብቦ መገምገም ካቃታችሁ ማንም አያምናችሁም። አንድ መስክ ምረጡ፤ ጤና ይሁን አፈር ወይም አየር ንብረት፣ ከዚያ መስክ ጋር እደጉ። ከአማርኛ ሌላ ቢያንስ አንድ የአገራችንን ቋንቋ ያዙ፤ የቋንቋ ብዛታችን ለእናንተ እንጀራ ነው። አደጋንና ዕድልን በቁጥር ማስረዳት ተለማመዱ። ከሁሉም በላይ ከዲግሪው ጋር የሠራችሁትን ሥራ ሰብስባችሁ ያዙ፤ ቀጣሪ የሚያምነው በእጃችሁ የያዛችሁትን ነው።

ለተቋማት ኃላፊዎችም ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የምርምር ተቋም ከሕዝብ ግንኙነት የተለየ፣ ለተመራማሪዎች ቅርብ የሆነና የራሱ የዕድገት መሰላል ያለው የሳይንስ ተግባቦት ባለሙያ መደብ ይክፈት። ሁለተኛ፣ የምርምር በጀት ሲጸድቅ ውጤቱን ለሚመለከተው ሕዝብ ለማድረስና ከዚያ ሕዝብ ለማዳመጥ የሚውል ድርሻ አብሮ ይጽደቅ። ሦስተኛ፣ ትምህርቱን የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን መንገድ ላይ ያውጡት። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በየአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ የሚሠራ ማሳያ እና ሦስት ወር ከአንድ ጤና ጣቢያ ወይም ከአንድ ልማት ጣቢያ ጋር በቂ መነሻ ነው። መገናኛ ብዙኃንም ስፖርት ጋዜጠኛ እንዳላቸው ሁሉ የሳይንስ ጋዜጠኛ ይኑራቸው፤ አደጋ ሲመጣ ብቻ ባለሙያ ፍለጋ መሯሯጥ ይቅር።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለምሩቃኑ እንጀራ ብቻ ብለን አይደለም። በየዓመቱ ከግብር ከፋዩ በሚሰበሰብ ገንዘብ የምናካሂደው ምርምር ባለቤቱ ሕዝቡ ነው። ገበሬው ስለ ራሱ መሬት፣ እናቲቱ ስለ ራሷ ልጅ፣ የአዋሽ ነዋሪ ስለ ቆመበት ምድር የተጠናውን የማወቅ መብት አለው፤ የሚያውቀውንም የመናገር መብት አለው። ይህን መብት በየቀኑ የሚያስከብር ባለሙያ መቅጠር የተቋማቱ ግዴታ ነው። ስለዚህ አንድ ወላጅ «ልጄ ተመርቆ የት ሊቀጠር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን የምንሰጠው በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን፣ በመዋቅርና በበጀት ላይ የምንወስን ሰዎች ነን። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዳችሁ በተቋማችሁ አንድ መደብ ብትከፍቱ፣ ንግግሬ ፍሬ አፍርቷል እላለሁ።